የመቶ ዋት ተማሪ

በፈተና ሰሞን ቁርሱን ትቶ ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚሮጥ ተማሪ በየግቢው ይታያል። ጊዜ ያተረፈ ይመስለዋል። ስሌቱ ትክክል ነውን? እስቲ ጥያቄውን በፊዚክስ ዓይን እንመልከተው።

አንድ ወጣት በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ያህል ከምግብ ያገኛል እንበል። አንዱ ኪሎ ካሎሪ 4,184 ጁል ስለሆነ ድምሩ 8.4 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። ይህን በቀኑ 86,400 ሴኮንዶች ብናካፍል 97 ዋት እናገኛለን። ተማሪው የሚፈጀው ኃይል እንግዲህ ባለ 100 ዋት አምፖል ከሚፈጀው አይበልጥም! ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ የሆነው አንጎል፣ ሰውነት በዕረፍት ላይ ሳለ ከሚፈጀው 20 በመቶውን ይወስዳል።

ይሁን እንጂ አንጎል ከባድ ሒሳብ ሲሠራም ሆነ ዝም ብሎ ሲቀመጥ አጠቃላይ ፍጆታው እምብዛም አይለዋወጥም። ስለዚህ «ብዙ ስላሰብኩ ብዙ ስኳር ያስፈልገኛል» ማለት አያስኬድም። የሚያስፈልገው የማይቋረጥ አቅርቦት ነው፤ ይህንንም ጉበት ያከማቸውን ግሉኮስ እየለቀቀ ያሟላል። በመሆኑም አንድ ቀን ቁርስ መቅረቱ አምፖሉን አያጠፋውም፤ ጾም የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ጉዳቱ የሚመጣው መዝለሉ ልማድ ሲሆንና የቀኑ ምግብ በሻይና በዳቦ ብቻ ሲወሰን ነው። ያን ጊዜ ፕሮቲንና ብረት ይጓደላሉ። የብረት እጥረት ደግሞ ድካምንና የትኩረት ማነስን ያስከትላል፤ ሴት ተማሪዎች በወር አበባ ምክንያት ይበልጥ ይጋለጣሉ። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያውካል፤ ሎሚ ግን ያግዘዋል። ሻዩን አንድ ሰዓት ማዘግየት ምንም ወጪ የለውም።

ቡናም የራሱ ሕግ አለው። እንደ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ሁሉ ካፌይን ግማሽ ዕድሜ አለው፤ እርሱም በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት የተጠጣ ቡና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግማሽ ካፌይኑ በሰውነት ውስጥ ይገኛል።

ቁርስ የሚዘልሉ ተማሪዎች ከሌሎቹ ይልቅ የመከፋት ስሜት እንደሚታይባቸው በርካታ ጥናቶች አመልክተዋል። ሆኖም አብሮ መታየት ምክንያት መሆን አይደለም። የተከፋ ሰው የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፤ ገንዘብ ያጠረውም ሳይወድ ይዘልላል። ስለዚህ ጓደኛችሁ ከምግብ አዳራሹ ሰልፍ መጥፋት ከጀመረ ስለ ቁርስ ጥቅም አትስበኩት፤ ምን እንደገጠመው ጠይቁትና አብራችሁ ብሉ።