ስለ ኮምፒዩተር ማኅደር
በጭላሎ ተራራ ሥር በአሰላ ያለ አንድ መምህር የዓመቱን የማርክ መዝገብ ከኮምፒዩተሩ በስሕተት ቢሰርዝ፥ ሁሉ የጠፋ ይመስለዋል። ሃርድ ዲስክ የሚባለው ማኅደር ግን በማግኔት ቅብ የተለበጠ የሚሽከረከር ሳሕን ነው፤ በ1956 እ.ኤ.አ. አይ.ቢ.ኤም. የሠራው የመጀመሪያው 50 ሳሕን ነበረው። ሲሰርዙት የሚፋቀው ማውጫው እንጂ ጽሕፈቱ አይደለም፤ ስፍራው ባዶ ተብሎ ይቈጠራል እንጂ ፊደሉ እዚያው አለ። ብራና የሚፍቅ ጸሐፊ እንኳ ከዚህ ይልቅ ይደክማል። ስለዚህ መምህሩ ሥራውን ወዲያው ቢያቆም፥ ባለሙያ ዲስኩን ከሌላ ኮምፒዩተር ጋራ አያይዞ መዝገቡን ሊያወጣለት ይችላል። ነገር ግን ደብዳቤ ቢጽፍበት፥ ወይም ብዙዎች በችኰላ እንደሚያደርጉት የመመለሻውን ፕሮግራም በዚያው ላይ ቢጭን፥ አዲሱ በአሮጌው ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ያረፈበትንም የሚመልሰው የለም። ኤስ.ኤስ.ዲ. የተባለው ሳሕን የሌለው ዓይነት ደግሞ ባዶ የተባለውን ስፍራ ብዙ ጊዜ ራሱ ያጸዳዋልና፥ ከእርሱ ማውጣት እጅግ አዳጋች ነው።