የድጓን ምልክት በኮምፒውተር ከፊደሉ አናት ላይ ማስቀመጥ

ከመንዝ ጎረቤት ያለችው ተጉለት በስሟ የሚጠራ የዜማ ስልት አላት። በዚያ አገር ድጓ ለተማረ ሰው ስለ ምልክት ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ለኛ ጉዳይ የሚበቃው አንድ ነገር ነው፦ በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደደረሱት የሚነገርለት ምልክት የሚውለው በቃሉ ላይ በጅምላ ሳይሆን በተወሰነ ፊደል ላይ ነው። «ሰላም» ሲባል የላ ቁርጥ ወደ ም ከተንሸራተተ፣ ተማሪው ድምፁን ያለቦታው ይቆርጣል።

ብዙ ሰው ምልክቶቹን በላይኛው መስመር ጽፎ በክፍት ቦታ እየገፋ ያስተካክላል። የፊደሉ መጠን በተቀየረ ቁጥር ሁሉም ይፈርሳል፤ ይህን መንገድ ጨርሶ ይተዉት።

በመጀመሪያ ምልክቶቹን የያዘ ፎንት ይጫኑ፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ይበቃል። ዩኒኮድ በ2005 እ.ኤ.አ. ከ1390 እስከ 1399 ያሉትን ቁጥሮች ለዜማ ምልክቶች ሰጥቷል። ዎርድ ላይ 1390 ጽፈው ኦልትንና ኤክስን አብረው ሲጫኑ ይዘት (᎐) ይመጣል፤ 1391 ደረት፣ 1394 ድፋት፣ 1396 ጭረት፣ 1399 ቁርጥ ነው። ድርስና አንብር እዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ በፊደል ስለሚጻፉ ግን አያስቸግሩም።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። እነዚህ ምልክቶች እንደ ማንኛውም ፊደል በተራቸው ይሰለፋሉ እንጂ አናት ላይ አይወጡም። የሚያወጣቸው ለጃፓንኛ ንባብ የተሠራው «ፎነቲክ ጋይድ» የሚባለው መሣሪያ ነው። በዎርድ የቋንቋ ምርጫ ውስጥ ጃፓንኛን ጨምረው ፕሮግራሙን ዘግተው ሲከፍቱት ቁልፉ ከፎንት መምረጫው አጠገብ ብቅ ይላል። ሊብሬኦፊስም ተመሳሳይ መሣሪያ አለው።

አሁን ምልክቱን ሰነዱ ላይ ጽፈው ይቁረጡት። ከዚያ «ሰላም» የሚለውን ቃል በሙሉ ሳይሆን ላን ብቻ መርጠው ቁልፉን ይጫኑ፤ ከፊደሉ ትይዩ ባለው ሣጥን ውስጥ ምልክቱን ይለጥፉ። አሰላለፉን መሐል ያድርጉ። የምልክቱ ፎንት ለብቻው ስለሚመረጥ እዚያም አቢሲኒካን ይምረጡ፤ አለዚያ ባዶ ሣጥን ሊመጣብዎ ይችላል። መጠኑ የፊደሉ ግማሽ ቢሆን ጥሩ ነው፦ ንባቡ 16 ከሆነ ምልክቱ 8። «ኦፍሴት» የሚለው ከፍታውን ይወስናል፤ በዜሮ ጀምረው ምልክቱ ፊደሉን ከነካ 1 ወይም 2 ይጨምሩ። በኋላ ለማረም ያንኑ ፊደል መርጠው መሣሪያውን እንደገና መክፈት ነው።

ምልክት ያለበት መስመር ከሌለበት ይልቅ ስለሚሰፋ ገጹ ይዘበራረቃል። የመስመሩን ርቀት «ኤግዛክትሊ» አድርገው ለ16 ንባብ 30 ይስጡት፤ ካነሰ የምልክቱ ራስ ይቆረጣል።

አንድ ገጽ አትመው መሪጌታው ከወረቀቱ ያዚሙት። በስክሪን ያልታየ መንሸራተት በዜማው ይገኛል፤ ሲስተካከል ፒዲኤፍ አድርገው ያስቀምጡት፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተርም እንዳለ ይከፈታል።