ለእጥበት ጣቢያ ሶላር ስትገዙ፦ ኢንቨርተርና ቻርጅ ኮንትሮለር እንዴት ይመረጣል?

እሑድ ስለሆነ ዛሬ የምንለጥፈው ዋጋ የለም። ሰሞኑን ከዩኒየኖችም ከአቅራቢዎችም በውስጥ መስመር ተደጋግሞ የመጣልኝ ጥያቄ ደግሞ ስለ ቡና አይደለም፣ ስለ ሶላር ፕሮፎርማ ነው። «ይሄኛው 5000 ዋት ይላል፣ ያኛው 1500፤ በዋጋ ብዙም አይራራቁም፣ ትልቁን ብንወስድ አይሻልም?» የሚል ነው ባጭሩ። ሽቦውን የሚያስረው ባለሙያ ነው፤ ፕሮፎርማው ላይ የሚፈርሙት ግን እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁን እንይ።

«የዋጋ ቻናል ላይ ሶላር ምን አገባው?» የሚል ካለ፣ ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። በጥቅምትና በኅዳር እሸት በብዛት ሲገባ ሥራው እስከ እኩለ ሌሊት ይሄዳል። መፈልፈያውን ጄኔሬተር ወይም የናፍጣ ሞተር ያዞረዋል እንበል፤ መብራት ከሌለ ግን ርክክቡም፣ ለቀማውም፣ ማብላያ ገንዳው ላይ ያለው ሥራም ይቆማል። እሸቱ በከረጢት ካደረ ቅምሻ ላይ ይናገራል። አንድ ደረጃ መውረድ በአንድ መኪና ጭነት ላይ የሚያስከትለውን ልዩነት እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ከኢንቨርተሩ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። በዚያ ላይ የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ የእያንዳንዱን ማሳ የጂፒኤስ ነጥብ ስለሚጠይቅ፣ ጣቢያ ላይ ስልክና ታብሌት ቻርጅ ማድረግ ራሱ የኤክስፖርት ሥራ ሆኗል።

መስመር እስኪደርስ እንጠብቅ የምትሉም አላችሁ። በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ መርሐ ግብር ራሱ ያቀደው 65 በመቶውን ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ ለማዳረስ ነበር፣ ያውም እስከ 2025። ብዙ ጣቢያዎች ዛሬም ያለ መስመር ናቸው።

እሺ፣ ወደ ዕቃው። መጀመሪያ ካታሎግ አትክፈቱ፤ ወረቀት አውጡና ጭነታችሁን ጻፉ። አንድ መካከለኛ ጣቢያ እንውሰድ። 10 ኤልኢዲ አምፖል፣ እያንዳንዱ 9 ዋት፣ ማታ 6 ሰዓት ቢበራ 540 ዋት ሰዓት ነው። አንድ ላፕቶፕ 60 ዋት ለ5 ሰዓት 300። 20 ስልክ በቀን አንዴ ሲሞላ 300 ገደማ። የኢንተርኔት ራውተር 10 ዋት ለ12 ሰዓት 120። ኤሌክትሮኒክ ሚዛን 100 እንበል። ድምሩ 1360 ዋት ሰዓት። ሁሉም አንድ ላይ ቢበራ እንኳ ከ500 ዋት ብዙም አያልፍም።

እዚህ ላይ ነው 5000 ዋቱ ኢንቨርተር የሚያስቸግረው። ኢንቨርተር ምንም ባይሰካበትም፣ እስከበራ ድረስ ራሱ ባትሪ ይበላል። ትልልቆቹ 50 ዋት አካባቢ የሚበሉ ብዙ ናቸው። 50 በ24 ሰዓት ሲባዛ 1200 ዋት ሰዓት! ጣቢያው በሙሉ ከሚጠቀምበት ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረውም። ጥሩ 1500 ዋት ኢንቨርተር ግን ከ10 እስከ 15 ዋት ነው የሚወስደው፤ በቀን ከ240 እስከ 360 መሆኑ ነው። ልዩነቱን የምትሸፍኑት ተጨማሪ ፓኔልና ባትሪ ገዝታችሁ ነው። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም፣ ማኑዋሉ ላይ ግን «ያለ ጭነት የሚወስደው» በሚል ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ከሌለ ጠይቁ። መልስ ከሌለ ሌላ ሱቅ።

ሁለተኛ፣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚሸከመው ነው። የምትፈልጉት ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ዋት ነው። ያው ጆንያው ላይ የተጻፈውን ኪሎ ሳይሆን ሚዛኑን ታምኑ የለ? እንደዚያው። የጊዜያዊው አቅም የሚያስፈልገው ሞተር ካለ ነው። የግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሲሠራ 500 ዋት አካባቢ ቢወስድም፣ ሲነሳ ከ3 እስከ 6 እጥፍ ይጠይቃል። የኔ ምክር ፓምፑን ከዚህ ሲስተም ማውጣት ነው። የራሱ መቆጣጠሪያ ያለው የሶላር ፓምፕ ያለ ባትሪ ቀን ቀን በቀጥታ ከፓኔል ይሠራል፤ ውሃውን ሮቶ ውስጥ ማጠራቀም ከባትሪ ይረክሳል። ሌዘር ፕሪንተርም ሲሞቅ ብዙ ዋት ይስባል፣ በቀለም የሚሠራው ለጣቢያ ይበቃል።

ደግሞ «ሞዲፋይድ ሳይን ዌቭ» የሚል ካያችሁ ተዉት፤ «ፒዩር ሳይን ዌቭ» በሉ። የመጀመሪያው ሞተር ያሞቃል፣ አንዳንድ ቻርጀርም ያበላሻል። በዚህ ላይ ክርክር አያስፈልግም።

አሁን ቻርጅ ኮንትሮለር። ከፓኔሉ ወደ ባትሪ የሚገባውን የሚቆጣጠረው ይህ ነው፤ ዋጋው ከጠቅላላው ትንሽ ስለሆነ ሁሉም የሚቆጥበው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚሁ። ሁለት ዓይነት አለ፦ ፒደብሊውኤምና ኤምፒፒቲ።

በቁጥር እንየው። አሁን ገበያ ላይ ያለ አንድ 450 ዋት ፓኔል ሲሠራ 41.5 ቮልትና 10.85 አምፒር አካባቢ ይሰጣል። ፒደብሊውኤም ፓኔሉን ወደ ባትሪው ቮልት ነው የሚጎትተው። ባትሪው 24 ሆኖ 26 ቮልት ላይ ቢሆን፣ 26 በ10.85 ሲባዛ 282 ዋት ብቻ ነው። የ450 ገንዘብ ከፍላችሁ ከሲሶ በላይ ጣሪያ ላይ ቀረ። ባትሪው 12 ቮልት ከሆነማ 140 ዋት እንኳ ለመድረስ ትቸገራላችሁ። ኤምፒፒቲ ግን ትርፉን ቮልት ወደ አምፒር ይቀይረዋል። ፒደብሊውኤም መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ለባለ 12 ቮልት አነስተኛ ፓኔልና ለሦስት አምፖል በቂ ነው። ለትልልቆቹ ፓኔሎች ግን አይሆንም።

ኤምፒፒቲ ስትገዙ ሁለት ቁጥር እዩ፦ የአምፒሩንና የከፍተኛ ቮልቱን። አምፒሩ ቢያንስ ኮንትሮለሩ ትርፉን ይተዋል እንጂ አይቃጠልም። ቮልቱ ካለፈ ግን ያው ተቃጠለ፣ ዋስትናም አይሸፍነውም። የ450 ዋቱ ፓኔል ምንም ሳይጫንበት 49.5 ቮልት አለው። ሁለቱን በተከታታይ ብታስሩ 99። ሻጩ «100 ቮልት ይችላል፣ ይበቃል» ይላችኋል። አይበቃም! ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቱ ይጨምራል፦ ከ25 ዲግሪ በታች ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.28 በመቶ አካባቢ። በኅዳር ጠዋት 10 ዲግሪ ሲሆን፣ 99ኙ 103 ይሆናል። ፀሐይ ስትወጣ ኮንትሮለሩ አበቃለት። እሸት በሚገባበት ወር መሆኑን ልብ በሉ፤ ሰማዩ ጥርት ያለውም ሌሊቱ የሚበርደውም ያኔ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ 150 ቮልት የሚችል ትገዛላችሁ፣ ወይም ባትሪው 24 ከሆነ ሁለቱን ፓኔል ጎን ለጎን ታስራላችሁ፤ ያኔ ቮልቱ 50 አካባቢ ይቀራል። ለ48 ቮልት ባትሪ ግን ጎን ለጎን አይሠራም፤ ለመሙላት ከ50 በላይ ቮልት ስለሚያስፈልግ 41.5 አይደርስም።

ለዚያ ጣቢያ ስሌቱ እንዲህ ይወጣል። 1360ና የኢንቨርተሩ 300 ሲደመር 1660፤ በሙቀት፣ በአቧራና በሽቦ የሚጠፋውን ለመቻል ለ0.7 አካፍሉ፣ 2370 ገደማ። ደመና በበዛበት ቀን 3.5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ብናስብ 680 ዋት ፓኔል። ሁለት ባለ 450 በቂ ነው። 900 ዋት ለ24 ቮልት ሲካፈል 37.5 አምፒር፣ ስለዚህ 40 አምፒር ኮንትሮለር። ባትሪው 24 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም፤ ጄል ከሆነ ከግማሽ በታች ማውረድ ስለማይመከር 200። 5000 ዋቱን ኢንቨርተር እዚህ ባትሪ ላይ ሙሉ ብትጭኑት ከ230 አምፒር በላይ ይጠይቃል፤ የባትሪው መከላከያ ወዲያው ይዘጋዋል።

አንዳንዶቻችሁ ሁሉን በአንድ የያዘውን «ሃይብሪድ» ጠይቃችኋል። ለከተማ መጋዘን፣ ለምሳሌ ሳሪስ አካባቢ መብራት እየመጣ ለሚሄድበት፣ ጥሩ ነው። ለገጠር ጣቢያ ግን እጠራጠራለሁ። አንዱ ክፍል ሲበላሽ ሁሉም ይቆማል፤ ለየብቻ ሲሆን ኢንቨርተሩ ቢሄድም ኮንትሮለሩ ባትሪ መሙላቱን ይቀጥላል፣ መብራቶቹን በቀጥታ በ24 ቮልት ካሰራችኋቸው ደግሞ ሌሊቱን ታድራላችሁ። ብዙዎቹ ሃይብሪዶች ከ120 ቮልት በላይ ካላገኙ ፓኔሉን አይቀበሉም፤ ሁለት ፓኔል ገዝቶ «አይሠራም» የሚል ሰው የሚገጥመኝ በዚህ ነው።

ከፍታውም አይረሳ። አብዛኛው ማኑዋል ሙሉ አቅሙን የሚናገረው እስከ 1000 ወይም 2000 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ዕቃው በደንብ አይቀዘቅዝም፣ አቅሙም ይቀንሳል። የጌዴኦና የጉጂ ጣቢያዎች ብዙዎቹ በ1800ና በ2200 መካከል ናቸው፤ እዚህ አዲስ አበባ ከ2300 በላይ ነን።

ባለሙያው ሲገጥም አጠገቡ ቁሙ። ኮንትሮለሩ ላይ መጀመሪያ ባትሪው፣ ከዚያ ፓኔሉ ይታሰራል፤ ሲፈታ በተቃራኒው። የባትሪው ዓይነት ሴቲንግ ላይ በትክክል መመረጡን እዩ፤ ሊቲየምም ጄልም ላይ «ኢኩላይዜሽን» የሚባለው ይጥፋ። በፓኔሉና በኮንትሮለሩ መካከል የዲሲ ብሬከር ይኑር፣ የቤት ብሬከር አይተካውም።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ ስለሚመራ የፕሮፎርማ ዋጋ ቶሎ ያረጃል፤ ለስንት ቀን እንደሚጸና በጽሑፍ አስፍሩ፣ ከሞዴል ቁጥሩ ጋር። ዋስትናው ላይ ደግሞ ዕቃው ሲበላሽ ምትክ የሚሰጠው ማን እንደሆነና በስንት ቀን እንደሆነ ይጻፍ። በኅዳር «ወር ጠብቁ» ማለት ወቅቱ አለፈ ማለት ነው።

ፕሮፎርማ ያላችሁ ዋጋውን ሸፍናችሁ የጭነት ዝርዝሩን ጨምራችሁ ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን። የሰኞ የእህል ዋጋ እንደተለመደው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይለጠፋል።