ፈጥኖ መቍረጥና አጣርቶ መምረጥ

የሙያ ነገር ሲነሣ «ሐኪም እሆናለሁ»፣ «መሐንዲስ እሆናለሁ» ብሎ ያለ ማመንታት የሚመልሰው ወጣት ይመሰገናል። «ገና አልቈረጥኩም» የሚለው ግን እንደ ሰነፍ ይቈጠራል። ይህ ፍርድ ትክክል መሆን አለመሆኑን በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር እንወዳለን።

ጀምስ ማርሺያ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የኮሌጅ ወጣቶችን በሁለት ጥያቄዎች መዘነ። ይኸውም፦ ወጣቱ ልዩ ልዩ መንገዶችን መርምሯልን? ቍርጥ ውሳኔስ አድርጓልን? የሚሉ ናቸው። በዚህም መሠረት አራት ዓይነት ወጣቶች ተለዩ፤ መርምሮ የወሰነ፣ ሳይመረምር የወሰነ፣ እየመረመረ ያለና ያልወሰነ፣ ለመወሰንም ግድ የሌለው።

እንግዲህ በድፍረት የሚመልሱት ሁሉ አንድ አይደሉም። ሳይመረምር የወሰነው ወጣት ብዙውን ጊዜ የያዘው የወላጆቹን ምኞት ነው። በጥናቱ እንደ ታየው እንዲህ ያሉት ወጣቶች ግባቸውን ከመጠን በላይ ከፍ ያደርጉ ነበር፤ ሳይሳካላቸው ሲቀርም አያሻሽሉትም። እየመረመረ የሚያመነታው ግን ሥራ ላይ ነው። የሚያሳስበን አራተኛው ነው።

ታዲያ በራስ መተማመን ከወዴት ይገኛል? አልበርት ባንዱራ በ1977 እ.ኤ.አ. እንደ ጻፈው ምንጮቹ አራት ናቸው፤ ራስ ሠርቶ ማየት፣ ሌላው ሲሠራ ማየት፣ የሰው ምክርና ማበረታቻ፣ የገዛ ሰውነት ስሜት። ከሁሉም የሚበረታው የመጀመሪያው ነው። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንመካው በሦስተኛው፣ ማለት በዘመድ ምርቃትና በጎረቤት ሙገሳ ነው።

በአገራችን በ2012 ዓ.ም. የጋራው የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ ገባ። የትምህርት ክፍል ምደባ ውጤትንና የቦታ ብዛትን ስለሚከተል፣ የመጀመሪያ ምርጫውን የማያገኝ ተማሪ አለ። አንድ የሙያ ስም ብቻ ይዞ የመጣው ያ ስም ሲቀርበት ባዶ እጁን ይቀራል፤ ሁለት ሦስት ሙያ የመረመረው ግን የሚያርፍበት አያጣም።

ስለዚህ አዲስ ገቢ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ የምርጫውን ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ደብተር ተውሳችሁ አንብቡ፤ በሙያው የሚተዳደረውን ሰው የዕለት ውሎውን ጠይቁ፤ ከሥራውም አስቸጋሪውን ክፍል በእጃችሁ ሞክሩ። እየመረመሩ ማመንታት የሚያሳፍር ነገር የለውም።