«ታስክ»፦ ሳቁ የት ላይ ያልቃል?

አስቂኝና አስፈሪ ፊልም ሲቀላቀሉ ትልቁ ጣጣ አጨራረሱ ላይ ነው። ተመልካቹን እያሳቁ ይሸኙት ወይስ እያስደነገጡ? በዚህ አጭር ጽሑፍ የኬቨን ስሚዝን «ታስክ» መጨረሻ ወስጄ መልሱን ለማሳየት እሞክራለሁ።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ። ወጪው 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ በሆሊውድ ሚዛን የኪስ ገንዘብ ማለት ነው። ሐሳቡም የተወለደው ከቀልድ ነው። ስሚዝ በፖድካስቱ ላይ፣ የዋልረስ ልብስ ለብሶ ለሚኖርልኝ ሰው ቤት በነጻ እሰጣለሁ ስለሚል ማስታወቂያ ሲቀልድ «ይሄ እኮ ፊልም ይወጣዋል» አለ፤ አድማጮቹም በትዊተር አዎ አሉት። (ዋልረስ ሁለት ረጃጅም ጥርሶች ያሉት ግዙፍ የባሕር እንስሳ ነው።)

ዋናው ገጸ ባሕርይ ዋላስ የሰው ጉድ እየለቀመ የሚያስቅ ፖድካስተኛ ነው። በጎራዴ የገዛ እግሩን በቆረጠ ልጅ ላይ ሊሳለቅ ካናዳ ድረስ ይሄዳል፤ ልጁ ግን ራሱን አጥፍቷል። ባዶ እጄን አልመለስም ብሎ ሃዋርድ ሃው የተባለ ሽማግሌ ቤት ይገባል። ሽማግሌው በሻይ አደንዝዞ ያግተዋል፤ ቆራርጦና ሰፍቶ ዋልረስ ያደርገዋል። በመጨረሻ ሃው ራሱ የዋልረስ ልብስ ለብሶ ይገጥመዋል፤ ዋላስም በጥርሱ ወግቶ ይገድለዋል።

እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ተራ የበቀል ታሪክ ነበር። ስሚዝ ግን አንድ ዓመት ይዘላል። ዋላስ በእንስሳት መጠለያ ግቢ ውስጥ ይኖራል። ፍቅረኛው አሊና ጓደኛው ቴዲ ሊጠይቁት መጥተው ዓሣ ይሰጡታል። አሊ ቀደም ሲል፣ ሰውን ከእንስሳ የሚለየው ማልቀሱ ነው ብላው ነበር። ዋላስ ዓሣውን ይበላል፤ ከዓይኑም እንባ ይወርዳል።

ብዙዎች ይህን ትዕይንት «የማይመስል ነገር» ይሉታል። ሐኪም የለም ወይ? ለምን በረት ውስጥ ይተውታል? ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን የፊልሙ ቁም ነገር ያለው እዚያው የማይመስለው ላይ ነው እላለሁ። አንደኛ፣ በሰው ቁስል እንጨት ሲሰድ የኖረው ሰው አሁን ራሱ መታያ ሆነ። ሁለተኛ፣ እንባው ሰው መሆኑን ካረጋገጠ፣ ዓሣ ወርውረው የሚሄዱት ወዳጆቹ ምን ሊባሉ ነው? ሃው አካሉን ቀየረ፤ እንስሳ ነው ብሎ የመቀበሉን ሥራ የጨረሱት ግን የሚወዱት ሰዎች ናቸው።

ሦስተኛው እኛን ይመለከታል። የጎማው ልብስ ያስቃል፤ መሳቅም ጀምረናል። እንባው ሲመጣ ግን ሳቃችን ዋላስ በልጁ ላይ ከሳቀው ሳቅ በምን ይለያል? ስለዚህ መጨረሻው ማሳቁንም ማስፈራቱንም አልመረጠም፤ ሳቁን ራሱን አስፈሪ አደረገው። በትንሽ ገንዘብ ለሚሠራ ፊልም ትምህርቱ ይኸው ነው፦ አጨራረስ ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ መጀመሪያ ላይ የሳቅንበትን ነገር መልሶ ማሳየት ይበቃዋል።