ከሆድ እስከ አእምሮ፦ ስለ ፓርኪንሰን ሕመም ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ትምህርት



በብዕራቸው የታወቁ ቁም ጸሐፊ ፊደላቸው ከመስመር ወደ መስመር እያነሰ ይሄዳል። የመሪጌታው ድምፅ ይሰልላል። መስቀል የሚያሳልሙት አባት እጅ ይንቀጠቀጣል። ይህን ሲያይ አንዱ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፋል፤ ሌላው «መንፈስ ነው» ይላል፤ አንደበቱን የማይገታ ደግሞ በስካር ያማቸዋል። ከእነዚህ አረጋውያን አንዳንዶቹ ግን ያለባቸው ፓርኪንሰን የተባለ የሥጋ ሕመም ነው። በዚህ ትምህርት ሕመሙንና ከሆድ ዕቃ ጋር ያለውን ግንኙነት እንመለከታለን።

ሕመሙ ምንድን ነው?

እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ሕመሙን በጽሑፍ የገለጠው እ.ኤ.አ. በ1817 ነው። በሕመሙ ምክንያት ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ አልፋ ሲኑክሊን የሚባል ፕሮቲንም በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ይከማቻል። ዶፓሚን ሲያንስ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ጡንቻ ይገተራል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የሕሙማኑ ቁጥር በዓለም ከ8.5 ሚሊዮን በላይ እንደነበረ ገምቷል።

ሆድ በዚህ ምን ድርሻ አለው?

ብዙ ሕሙማን እጃቸው መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት የሆድ ድርቀት ያስቸግራቸዋል። የማሽተት ኃይላቸውም ይደክማልና የዕጣኑ መዓዛ ይርቃቸዋል። ጀርመናዊው ሊቅ ሄይኮ ብራክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ መላምት አቀረቡ፤ ይኸውም ሕመሙ ከአንጀት ጀምሮ፣ ሆድንና አንጎልን በሚያገናኘው ቬገስ በተባለው ነርቭ በኩል ወደ ላይ ይወጣ ይሆናል የሚል ነው።

በአንጀታችን እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ ሁሉም ጠላቶቻችን አይደሉም። እኛ መፍጨት የማንችለውን የእህል፣ የጥራጥሬና የአትክልት ክፍል አብላልተው እንደ ቡቲሬት ያሉ አሲዶችን ይሠራሉ። እነዚህም የአንጀትን ግድግዳ ይመግባሉ። በፊንላንድ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት 72 ሕሙማንን ሕመሙ ከሌለባቸው 72 ሰዎች ጋር ሲያነጻጽር፣ የፕሪቮቴላ ወገን የሆኑ ባክቴሪያዎች በሕሙማኑ ዘንድ እጅግ አንሰው ተገኙ። በሌሎች ጥናቶችም የእነዚያ አሲዶች መጠን በሕሙማን ሰገራ ውስጥ ዝቅ ብሎ ታይቷል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በካሊፎርኒያ ለሕመሙ የተጋለጡ አይጦች ተመረመሩ። ያለ ባክቴሪያ ያደጉት ሕመማቸው ቀለል አለ፤ ከሕሙማን ሰዎች የተወሰደ ባክቴሪያ የተሰጣቸው ግን ከጤነኞች ከተሰጣቸው ይልቅ ባሰባቸው። ሆኖም በዚያው ጥናት አሲዶቹ ለአይጦቹ ሲሰጡ ሕመሙን አባብሰዋል። በሕሙማን ሰዎች ላይ ያነሰው ነገር በአይጦች ላይ ጎጂ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። በተጨማሪም የሆድ ድርቀቱ፣ መድኃኒቱና አመጋገቡ ራሳቸው ባክቴሪያዎችን ይለውጣሉ። ስለዚህ ሁለት ነገሮች አብረው በመገኘታቸው ብቻ አንዱ የሌላው መንስኤ ነው ልንል አንችልም። «ሆድን የሚያጥብ ፓርኪንሰንን ይፈውሳል» የሚል ነጋዴ ቢመጣ ከዚህ የተነሣ አንቀበለው።

መድኃኒቱም በሆድ በኩል ያልፋል

ሕመሙን ፈጽሞ የሚያጠፋ መድኃኒት እስካሁን የለም። ሌቮዶፓ ግን ወደ አንጎል ገብቶ ዶፓሚን በመሆን ምልክቶቹን ያቀላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራማሪዎች እንደገለጡት፣ ኢንቴሮኮከስ ፌካሊስ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ሌቮዶፓን ገና በሆድ ሳለ ወደ ዶፓሚን ሊለውጠው ይችላል። በሆድ የተሠራ ዶፓሚን ደግሞ ወደ አንጎል አይሻገርም። አንድ መድኃኒት ለሁሉም እኩል የማይሠራበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ፕሮቲን የበዛበት ምግብም የመድኃኒቱን መግባት ሊያውክ ስለሚችል፣ የምግቡንና የመድኃኒቱን ሰዓት ሐኪም ሊወስነው ይገባል።

በአጥቢያችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የሚንቀጠቀጠውን ሰው ከመፍረዳችን በፊት ወደ ሐኪም እንምራው። የሆድ ድርቀት ብቻውን የፓርኪንሰን ማረጋገጫ አይደለም፤ ከእንቅስቃሴ መዘግየትና ከእጅ መንቀጥቀጥ ጋር ሲታይ ግን ምርመራ ያሻዋል።

ሁለተኛ፣ ወደ ጠበል የሚመጣ ሕመምተኛ መድኃኒቱን እንዲተው አንምከር። ሌቮዶፓን በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት የሚያሰጋ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ጠበሉም መድኃኒቱም ከአንድ አምላክ የተሰጡ ናቸው።

ሦስተኛ፣ በጾም ወራት የንስሐ አባት ከሕመምተኛው ጋር አስቀድሞ ይነጋገር። ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ይራራል። ጥራጥሬውና ጎመኑ ለአንጀት መልካም ነው፤ ውኃና የመድኃኒት ሰዓት ግን ሊጓደሉ አይገባም።

አራተኛ፣ አገልግሎቱ የከበደውን አባት አናርቀው። ጽዋ መያዝ ቢያዳግተው ከጎኑ የሚቆም፣ መቀመጫ የሚያቀርብ፣ ንግግሩን በትዕግሥት የሚሰማ ሰው እንመድብ።

ቅዱስ ጳውሎስ ልጁን ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ሲመክረው የሐዋርያነት ክብሩ አልጎደለም። እኛም ስለ ምእመናን ሆድና እጅ ስንጠይቅ ከእረኝነት ሥራችን አንወጣም።

ለውይይት፦ በአጥቢያችን በመንቀጥቀጥ ምክንያት ከቅዳሴ የቀረ አረጋዊ አለን? ማን ይጎበኘዋል? ወደ ሕክምና ለመሄድ የጎደለውስ ምንድን ነው፦ የመጓጓዣ ገንዘብ፣ አብሮ የሚሄድ ሰው፣ ወይስ የእኛ ቃል?