ያልተጻፈ ዘፈን ባለቤት የለውም

በደብረ ወርቅ፣ በቢቸናና በሞጣ አገር ዘፈን የማያውቅ የለም። በሠርግ ቤት አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ይገጥማል። በአጨዳ ጊዜ ወንፈል የወጣው ገበሬ እየተቀባበለ ያዜማል። በለቅሶ ጊዜ አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች። ይህን ሁሉ ግጥም የፈጠረ ሰው አለ። ሰውዬው ሲሞት ግጥሙ ወዴት ይሄዳል? የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ነው።

ሁለት ሰዎችን እንመልከት። አንደኛው ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። የተወለዱት እዚሁ ጎጃም፣ ደብረ ኤልያስ ነው። ቅኔ ተምረው አዲስ አበባ ገቡ፤ ቴአትርና መዝሙር ደረሱ። ያረፉት በ1939 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ሄደው ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ከመቶ ዓመት በኋላ ያ ድምፅ «ኢትዮጲክስ» በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ሥራ 27ኛ ሆኖ ፈረንሳይ አገር እንደገና ታተመ። አንደኛውን ቀለም አተረፈው፤ ሁለተኛውን ሸክላ አተረፈው።

ዘፋኞች ተሰብስበው የሞተ ደራሲን ዘፈኖች በአንድ አልበም ሲያስቀርጹ ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዘፈኖቹን ከድሮ ሸክላ፣ ከካሴትና ከሽማግሌ አፍ ይለቅማሉ። ቀጥሎ ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን እንደ ሆነ ያጣራሉ፤ ግጥሙን አንድ ሰው፣ ዜማውን ሌላ ሰው ደርሶት ሊሆን ይችላልና። ከዚያ ወራሾችን ፈልገው ያስፈቅዳሉ፤ ውሉንም በጽሑፍ ያደርጉታል። በመጨረሻ ስቱዲዮ ገብተው ይቀርጻሉ። በሽፋኑ ላይ የደራሲው ስም ይጻፋል።

ለምን ያስፈቅዳሉ? ሕግ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲን መብት ይጠብቃል። ደራሲው በሕይወት ሳለ ጥቅሙ የራሱ ነው። ከሞተ በኋላ ደግሞ ለ50 ዓመት የወራሾቹ ነው። በ1990 ዓ.ም. የሞተ ሰው ቢኖር፣ ልጆቹ እስከ 2040 ዓ.ም. ድረስ መብት አላቸው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ሕጉ አንድን ሥራ የሚጠብቀው ሥራው የደራሲው የራሱ ፈጠራ ሲሆንና ደግሞ ተጽፎ ወይም ተቀርጾ ሲገኝ ነው። በአፍ ብቻ የቀረን ዘፈን ሌላው ሰምቶ ወስዶ ቢያስቀርጸው፣ የደራሲው ልጅ «የአባቴ ነው» ቢል ማን ያምነዋል? ምስክሮቹ ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱም ያልፋሉ። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ፊደል የቆጠርን ሰዎች ምን እናድርግ?

1. በመንደራችን ያለ ገጣሚ ወይም አልቃሽ የፈጠረውን ግጥም በደብተር እንጻፍ።
2. የደራሲውን ስም፣ ቀበሌውንና የጻፍንበትን ቀን ከሥሩ እናስፍር።
3. ስልክ ያለው ልጅ ካለ ድምፁን እንዲቀርጽ እናድርግ፤ ባለቤቱን ግን አስቀድመን እናስፈቅድ።
4. ዘፈን ሊገዛ የመጣ ሰው ውል ቢያቀርብልን፣ ሳናነብ አውራ ጣታችንን አናትም።

ማን እንደ ፈጠረው የማይታወቅ የጥንት ዘፈን የሁላችን ነው። የጎረቤታችን የእጅ ሥራ ግን የጎረቤታችን ነው። እርሻውን በወሰን ድንጋይ እንደምንለይለት፣ ግጥሙንም በጽሑፍ እንለይለት።

የቃላት ፍቺ
ሸክላ፦ ድምፅ የሚቀረጽበት የጥንት ክብ ዝርግ ዕቃ
ወራሽ፦ የሟች ንብረትና መብት የሚተላለፍለት ሰው
ውል፦ ሁለት ወገኖች ተስማምተው የሚፈራረሙበት ጽሑፍ

የመወያያ ጥያቄዎች
1. የደራሲው ወራሾች ለስንት ዓመት መብት አላቸው?
2. በአፍ ብቻ የቀረ ዘፈን ምን ጉዳት ያገኘዋል?
3. በቀበሌያችሁ ግጥሙ ሊጻፍለት የሚገባ ሰው ማን ነው? ማን ይጻፍለት?